የፔሌት ምድጃና የውጭ አየር፦ «ሬንጅ ሁዱን ስከፍት ምድጃው ለምን ይጠፋል?»

ጥያቄው የመጣው ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ጠያቂዋ የጻፉት ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ «ቤቱን ስንገዛ ሳሎን ውስጥ የፔሌት ምድጃ (ከተጨመቀ ሰጋቱራ በተሠራ ጥራጥሬ የሚነድ) ነበረው። ሁለት ክረምት ያለምንም ችግር ሞቀን። ባለፈው ሰመር መስኮቶቹን በሙሉ አስቀየርን፣ ቀዳዳ ቀዳዳውንም አስደፈንን። ዘንድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር ሬንጅ ሁዱን (ከኩሽናው ማብሰያ በላይ ያለውን ጭስ መሳቢያ ፋን) እንደከፈትኩ እሳቱ ይፈዛል፣ መስታወቱ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ምድጃው ራሱን ያጠፋል። የጭስ ሽታም አለ። አንድ ጎረቤት አየር ከውጭ በቱቦ አስገቡ አለን። ምድጃውን የሚያጸዳልን ሰው ደግሞ ማኑዋሉ ላይ እንደ ፍላጎት ነው የሚለው፣ አያስፈልግም ይላል። ባለቤቴ ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ የጋራዥ ስለሆነ የድራየር (የልብስ ማድረቂያ) ቱቦ ገዝቶ ከዚያ ሊያስገባ አስቧል። ማንን እንስማ?»

እህቴ፣ ጎረቤትዎን ይስሙ። አየሩ ግን ከጋራዥ አይምጣ፤ በድራየር ቱቦም አይምጣ። ባለቤትዎ ግድግዳውን ከመብሳታቸው በፊት ደግሞ ምንም ወጪ የሌለው አንድ ሙከራ አድርጉልኝ።

በሚቀጥለው የመጋገሪያ ቀን ሁዱን ከፍተው እሳቱ መፍዘዝ ሲጀምር፣ ሁዱን ሳይዘጉ ለምድጃው ቅርብ የሆነውን መስኮት አራት ጣት ያህል ይክፈቱት። ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል ነበልባሉን ይመልከቱ። ፈዞ፣ ጫፉ ጠቁሮ፣ እየተጎተተ ይወዛወዝ የነበረው እሳት ቀጥ ብሎ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ችግሩ ታውቋል፤ ቤቱ አየር አጥቷል። መስኮቱ ተከፍቶም ነበልባሉ ያው ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ምድጃው ውስጥ ነው፤ የውጭ አየር ቱቦ ቢገጠምለትም አይድንም።

ይህን ሙከራ ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በአመድ የታፈነ ምድጃና አየር ያጣ ቤት የሚያሳዩት ምልክት አንድ ዓይነት ነው። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ግድግዳ ያስበሳሉ፣ ቱቦ ያስገባሉ፣ መስታወቱ ግን መጥቆሩን አይተውም። ስለዚህ መስኮቱ ተከፍቶም ነበልባሉ ካልተለወጠ መጀመሪያ የሚታየው ፔሌቱ የሚቃጠልበት ኩባያ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በደረቀ አመድ ተደፍነው ይሆናል። ቀጥሎ ከእሳት ሳጥኑ ጀርባ ያሉት የአመድ መተላለፊያዎች፣ የጭስ ማውጫው ፋን ክንፎች፣ ግድግዳው ጋ ያለው የቱቦው መታጠፊያ ይታያሉ። በመጨረሻ የበሩ ጓርኒሲዮን (ጠርዙ ላይ ያለው ማሸጊያ) ይፈተሻል። ምድጃው ቀዝቃዛ ሳለ አንድ ዶላር በሩ ላይ አድርገው ይዝጉና ዶላሩን ይሳቡት። ያዝ አድርጎ ካስቸገረ ደህና ነው፤ ዘው ብሎ ከወጣ በዚያ ቦታ አየር ያስገባል ማለት ነው። በሩን ዙሪያውን በአራቱም ጎን እንዲህ ይሞክሩት።

ከጻፉት ስገምት ግን የእርስዎ ቤት ችግር አመድ አይመስለኝም። ሁለት ክረምት ደህና ሠርቶ፣ መስኮት በተቀየረ በመጀመሪያው ክረምት፣ ያውም ሁድ ሲከፈት ብቻ የሚታመም ምድጃ ችግሩን ራሱ ይናገራል።

የፔሌት ምድጃ እንደ እንጨት ምድጃ ጭሱ በራሱ ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ የሚሠራ አይደለም። ፔሌቱን ኦገር የሚባለው ጠመዝማዛ ብረት ከፔሌት ሳጥኑ እየጎተተ ኩባያው ውስጥ ይጥለዋል። የጭስ ማውጫው ፋን ደግሞ ከእሳት ሳጥኑ አየር እየሳበ ወደ ውጭ ያወጣል። እሳቱ የሚነደው ፋኑ ያወጣውን ለመተካት በኩባያው ቀዳዳዎች በሚገባው አየር ነው። ያ አየር ከየት ይመጣል? የውጭ ቱቦ ካልተገጠመለት ከሳሎንዎ ነው። ሳሎኑስ የወጣበትን ከየት ይተካል? ድሮ ከአሮጌዎቹ መስኮቶች ጠርዝ ይተካ ነበር። እሱን ነው ያስደፈናችሁት። ማስደፈናችሁ ጥፋት አይደለም፤ ጥሩ ሥራ ነው። ብቻ ምድጃው ሲተነፍስበት የነበረው ቀዳዳ አብሮ ተደፈነ።

በቁጥር እንየው። አንድ ኪሎ ፔሌት ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በትንሹ አምስት ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል። ምድጃዎች ግን ንጹሕ እሳት ለማግኘት የዚህን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይስባሉ። በሰዓት አንድ ኪሎ የሚያቃጥል ምድጃ እንግዲህ ከ10 እስከ 15 ሜትር ኩብ ይወስዳል እንበል። እናንተ ያላችሁበት አካባቢ ከፍ ያለ ስለሆነ ትንሽ ይጨምራል፤ ጎረቤታችሁ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፣ አየሯም ከባሕር ጠለል 17 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ይህን ከሬንጅ ሁዱ ጋር ያስተያዩት። የመጣበት ካርቶን ላይ 400 ሲኤፍኤም (ኪዩቢክ ፊት በደቂቃ) የሚል ሁድ የተጻፈበትን ያህል ከሳበ በሰዓት 680 ሜትር ኩብ አየር ያስወጣል። ቤትዎ 1,500 ስኩዌር ፊት ከሆነ በውስጡ ያለው አየር በሙሉ 340 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። ሁዱ በአንድ ሰዓት ቤቱን ሁለት ጊዜ ባዶ ያደርገዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ቤቱን አየር ያሳጣው ምድጃው አይደለም፤ የምድጃው ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለት ፋኖች ለአንድ አየር እየተሻሙ ነው፤ ትልቁ ያሸንፋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሁዱ ፋን ግፊቱን ዝቅ ሲያደርገው፣ የምድጃው ትንሽ ፋን ጭሱን ወደ ውጭ ለመግፋት አቅም ያጣል። በሃይላንድ ፕላስቲክ አፍ አየር ሲመጠጥ ጎኑ ይሰረጉዳል፤ ቤቱ ግን መሰርጎድ ስለማይችል አየሩን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ከቀዳዳዎቹ አንዱ የምድጃዎ ጭስ ማውጫ ነው። የሸተተዎት ጭስ በዚያ የመጣ ነው።

ምድጃው ራሱን የሚያጠፋውስ ለምንድን ነው? ቫኪዩም ስዊች የሚባል ትንሽ የደኅንነት ክፍል አለው። በብዙ ሞዴሎች አንዱ ጎኑ በቀጭን ላስቲክ ከምድጃው ውስጥ ጋር ይገናኛል፣ ሌላው ጎኑ ለክፍሉ አየር ክፍት ነው። በሁለቱ መካከል በቂ የግፊት ልዩነት ከሌለ «ጭሱ እየወጣ አይደለም» ብሎ ኦገሩን ያስቆመዋል። ስዊቹ ሥራውን እየሠራ ነው። አንዳንድ ሰው «ስዊቹ ተበላሽቷል» ብሎ ሁለቱን ሽቦ በቀጥታ ያገናኘዋል። እባካችሁ ይህን ማንም አያድርግላችሁ፤ እናደርጋለን ቢሏችሁም አትፍቀዱ።

የውጭ አየር ቱቦው ምድጃው የሚተነፍሰውን በቀጥታ ከደጅ ያመጣለታል። መግቢያውም መውጫውም ደጅ ስለሚሆን፣ ነፋስ ቢነፍስ ሁለቱንም እኩል ይገፋቸዋል፤ ሁዱ ቢከፈትም እሳቱ አይራብም። ሳሎኑን የሚያቀዘቅዘው የበር ሥር ብርድም ይቀንሳል፤ ምድጃው የሞቀውን አየር አውጥቶ ቀዝቃዛውን በስንጥቅ መጎተቱን ያቆማልና።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁን ነገር ልጨምር። ቱቦው ምድጃውን ከቤቱ ሙሉ በሙሉ አይለየውም። ብዙዎቹ ምድጃዎች በፔሌት ሳጥኑ ክዳን፣ በበሩ ጠርዝ፣ በአመድ መሳቢያው በኩል ትንሽ ትንሽ አየር ከክፍሉ ይወስዳሉ። ከቱቦው በኋላ የእሳት ሳጥኑ ግፊት ወደ ደጁ ግፊት ይጠጋል። ክፍሉ በሁድ በጣም ከተሳበ ደግሞ ግፊቱ ከእሳት ሳጥኑ እኩል ሊወርድ፣ አልፎም ከሱ በታች ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ያረጀ ጓርኒሲዮን ካለ ጭሱ ወደ ክፍሉ ያዘግማል፤ ስዊቹም እንደገና ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ቱቦው ተገጥሞም ቢሆን እንጀራ ሲጋገር ኩሽናው ጋ ያለውን መስኮት በትንሹ መክፈት፣ ሁዱንም በዝቅተኛው ፍጥነት ማሠራት ያስፈልጋል። ሁዱ ከ400 ሲኤፍኤም በላይ ከሆነ፣ ብዙ ከተሞች የሚጠቀሙበት የዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤት ደንብ ቤቱ ውስጥ እንዳሉት የነዳጅ ዕቃዎች ዓይነት ለራሱ ለሁዱ የመተኪያ አየር መግቢያ እንዲኖረው ሊጠይቅ ይችላል። ሁዳችሁ ምን ያህል እንደሚስብ ከውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ላይ እዩ።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ባለቤትዎ ቅርብ ስለሆነ ማሰባቸው ይገባኛል። ግን ጋራዥ ውስጥ መኪና ይነሳል፣ የሣር ማጨጃው ቤንዚን ይቀመጣል፣ ቀለም ይከፈታል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ወለሉን ይሄዳል። የምድጃው መሳቢያ ቱቦም የሚገባው ወለሉ አጠገብ ነው። ትነቱን ስቦ በቀጥታ ወደ እሳት የሚወስድ ቱቦ መግጠም ማለት ነው። በዚያ ላይ በቤትና በጋራዥ መካከል ያለው ግድግዳ እሳት እንዲያዘገይ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ እንዲሁ አይበሳም። ከአቲክም (ከጣራው ሥር ካለው ባዶ ቦታ) አይወሰድ። ከምድጃው በላይ የሚሄድ የአየር ቱቦ መብራት በሄደ ጊዜ ራሱ የጭስ ማውጫ ሊሆን ይችላል፤ ሙቅ ጭስ መውጣት የሚፈልገው ወደ ላይ ነውና።

ክሮል ስፔስ (ከቤቱ ወለል ሥር ያለ ዝቅተኛ ባዶ ቦታ) ያለው ቤት ከሆነ አንዳንድ ማኑዋሎች አየር የሚገባበት ክሮል ስፔስን ይፈቅዳሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ግን እኔ አልመክርም። ኮሎራዶ ራዶን (ከመሬት የሚወጣ ጨረር አመንጪ ጋዝ) የበዛበት ግዛት ነው፤ ብዙ ቤቶች የክሮል ስፔሳቸውን ወለል በፕላስቲክ አሽገው በፋን ያስወጡታል። እሱን ቀዳድዶ ቱቦ ማስገባት ገንዘብ የወጣበትን መከላከያ ማበላሸት ነው። ይህን ካነሳን አይቀር፣ በሁድ የተሳበ የተዘጋ ቤት ከመሬት የሚመጣውንም አየር አብዝቶ ይስባል። የራዶን ምርመራ አድርጋችሁ ካላወቃችሁ አድርጉ። የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እርምጃ ይወሰድ የሚለው 4 ፒኮኩሪ በሊትር ሲደርስ ነው።

እንግዲህ የሚቀረው ወደ ደጅ የሚወስደው ግድግዳ ነው። ከምድጃው ጀርባ ጋራዥ ካለ፣ የጭስ ማውጫው በየት ግድግዳ እንደወጣ እዩ፤ አየሩም በዚያው ግድግዳ ቢገባ ይመረጣል። አንድ ግድግዳ ላይ ሲሆኑ ነፋሱ ለሁለቱም እኩል ነው። መግቢያው ከጭስ ማውጫው ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ራቅ ይበል፤ ያወጣውን ጭስ መልሶ እንዳይስብ። ስንት ኢንች ይራቅ የሚለውን የምድጃችሁ ማኑዋል በሥዕል ያሳያል፤ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ከሌላ ሰው ቤት ልኬት አትውሰዱ። መግቢያው ከእሳት ሳጥኑ ከፍ አይበል፤ ከተለመደው የበረዶ ክምር ደግሞ ዝቅ አይበል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚከብድበት ቤት አለ። ያኔ ምድጃውን በሚፈቀደው መቆሚያ ከፍ ማድረግ ወይም ወደ ሌላ ግድግዳ ማዞር ይሻላል።

ቱቦው የብረት ይሁን። ለአብዛኛው ምድጃ ሁለት ወይም ሦስት ኢንች ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ተጣጣፊ ቱቦ ነው የሚገባው። የድራየር ቱቦ ብዙ ጊዜ አራት ኢንች ስለሆነ ምድጃው ጀርባ ያለው አፍ ላይ አይገጥምም። ነጩ የፕላስቲክ ዓይነት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፣ ኩባያው ውስጥ የቀረው ፔሌት ግን ለተወሰነ ደቂቃ ይጨሳል። በዚያች ደቂቃ ሙቀትና ፍም ወደ አየር መግቢያው ሊመለስ ይችላል፤ ፕላስቲኩ ያን አይችልም። የምድጃው አምራች ለሞዴሉ የሚሸጠው ኪት ካለ እሱን ግዙ፤ ቱቦው፣ የግድግዳው ማለፊያ፣ የደጁ ክዳን አንድ ላይ ይመጣል። ቱቦው አጭር፣ መታጠፊያው ጥቂት ይሁን። እየረዘመና እየተጠማዘዘ በሄደ ቁጥር አየሩ ይታነቃል፣ ያኔ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል።

ግድግዳው ሲበሳ ስተድ የሚሉት ቋሚ እንጨትና የኤሌክትሪክ ሽቦ በመፈለጊያ መሣሪያ ይረጋገጥ። ቀዳዳው ከቱቦው ጥቂት ይስፋና ዙሪያው ከውስጥም ከውጭም ይታሸግ፤ ከውጭ በኩል ዝናብ የሚችል ሲሊኮን፣ ምድጃው ጋ ሙቀት የሚችል ሲሊኮንና የብረት ክላምፕ። የደጁ ክዳን ወደ ታች የሚያይ ይሁን፣ ወንፊትም ይኑረው። ወንፊቱ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ትንኝ እንዳይገባ ብለው ደቃቅ ወንፊት ያደርጋሉ፤ በአንድ ክረምት በአቧራና በአመዳይ ይደፈናል። ሩብ ኢንች ቀዳዳ ያለው ይበቃል፤ የሚከለከለው አይጥና ወፍ ነው።

ከዜሮ በታች በሆነ ሌሊት ቱቦው ሳሎን ውስጥ ያለፈበት ቦታ ያልበዋል፤ ጠዋት ወለሉ ላይ የውሃ ጠብታ ያያሉ። ቤት ውስጥ ያለውን ክፍል በማይቀጣጠል ኢንሱሌሽን መጠቅለል ይፈታዋል። «ቀዝቃዛ አየር ከገባ ምድጃው ሙቀት አያባክንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። በሰዓት 12 ሜትር ኩብ የሚሆን አየር 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው የሚጠይቀው፤ አንድ ኪሎ ፔሌት ደግሞ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይዟል። ያንኑ አየር ድሮም በመስኮት ስንጥቅ ገብቶ እያሞቃችሁት ነበር።

ቱቦው ከተገጠመ በኋላ ምድጃውን እንደ ነበር አትተዉት። ከደጅ የሚገባው አየር ቀዝቃዛና ወፍራም ስለሆነ በዚያው የአየር መቆጣጠሪያ አቀማመጥ ኦክስጅኑ ይበዛል። ነበልባሉ አጥሮ፣ ነጥቶ፣ እንደ ብየዳ እየተንጫጫ ፔሌቱን ከኩባያው የሚያስፈናጥር ከሆነ አየሩን ቀንሱ። ረዝሞ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ጥላሸት ከሆነ ጨምሩ። ትክክለኛው ደማቅ ቢጫ ሆኖ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ንጹሕ የሆነ ነው፤ አመዱም ግራጫ ዱቄት ይሆናል። መስታወቱ ላይ የሚቀመጥ ቀላል ግራጫ ብናኝ ጤናማ ነው፣ ጥቁር ጥቀርሻ ግን አይደለም። አንዳንድ ምድጃ የከፍታ ማስተካከያ አለው፤ የቀድሞው ባለቤት አስተካክለውት እንደሆነ እዩ።

ከዚያ የከፋውን ቀን አስመስላችሁ ፈትኑት። መስኮት ሁሉ ዝጉ፤ ሬንጅ ሁዱን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ፋን፣ ድራየሩን አንድ ላይ ክፈቱ። ምድጃው እየነደደ ሳለ አንድ የሚጨስ የዕጣን እንጨት በበሩ ጠርዝና በፔሌት ሳጥኑ ክዳን ዙሪያ ቀስ ብለው ያዙሩ። ጭሱ ወደ ምድጃው ከተሳበ መልካም ነው። ወደ ፊትዎ ከተገፋ ከዚያ ቦታ የምድጃው ጭስ እየወጣ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ይቀየር፣ ሁዱም መተኪያ አየር ይፈለግለት።

የሚያጸዳላችሁ ሰው «ማኑዋሉ እንደ ፍላጎት ነው ይላል» ማለቱ ውሸት አይደለም። ብዙ ማኑዋል ለተራ ቤት «ይመከራል» ይላል። ፋብሪካው ግን የእናንተን ሁድና የእናንተን አዲስ መስኮት አያውቅም። ፋብሪካ ተሠርቶ በሚመጣ ተንቀሳቃሽ ቤት ላይ የፌደራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ደንብ የውጭ አየርን ግዴታ አድርጎታል፤ እነዚያ ቤቶች ትንንሽና ጥብቅ ስለሆኑ ነው። ቤታችሁ መስኮቱ ከተቀየረ ወዲህ ወደዚያ ተጠግቷል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ከምድጃው ክፍል ሌላ መኝታ ቤቶቹ አጠገብም ይኑር። ጭስ ይሸታል፣ ይህ ጋዝ ግን አይሸትም። በእኛ ቤቶች አንድ የማየው ነገር አለ፦ ቡና በከሰል ይፈላል፣ አላርሙ ይጮኻል፣ ሰው ባትሪውን ያወጣዋል። አላርሙ አልተሳሳተም። ከሰል የሚያወጣው ይኸው ጋዝ ነው፤ ሀገር ቤትም ሰው ቀጥፏል፤ እንደ እናንተ በታሸገ ቤት ደግሞ ቶሎ ይጠራቀማል። ቡናውን በኤሌክትሪክ አፍሉ፣ ባትሪው በቦታው ይቀመጥ።

ባለቤትዎ ግድግዳ በስተው ከውጭ ማሸግ የሚችሉ ሰው ከሆኑ ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ጋር ካልተነካካ ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። መጀመሪያ ግን ለከተማው የሕንፃ ፈቃድ ክፍል ደውሉ፤ ፐርሚት የሚያስፈልግ ከሆነ ኢንስፔክተሩ መጥቶ ያያል፣ ወረቀቱም ለቤት ኢንሹራንሳችሁ ይጠቅማል። ኪት ከማዘዛችሁ በፊት ምድጃው ጀርባ ወይም የፔሌት ሳጥኑ ክዳን ሥር ያለውን የብረት ሰሌዳ ፎቶ አንሱ። የሞዴሉ ስም፣ ተከታታይ ቁጥሩና ለተንቀሳቃሽ ቤት የተፈቀደ መሆን አለመሆኑ እዚያ ላይ አለ። የአየር መግቢያውን አፍ ስፋትም ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለክታችሁ ከፎቶው ጋር ጻፉልኝ፤ ሁለት ይሁን ሦስት ኢንች ለይተን ትክክለኛውን እንዘዝ።